የግቢ ክበብና ኤንጂኦ አብረው እንዴት ይሥሩ? የትራኮማን ሥራ ይዘን እንየው

በየዩኒቨርሲቲው የበጎ አድራጎት ክበብ አለ። የቀይ መስቀል፣ የሥርዓተ ፆታ፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለ። በየክልሉ ደግሞ በጤና፣ በውኃና በትምህርት ላይ የሚሠሩ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች (ኤንጂኦዎች) አሉ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ የሚገናኙት ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ በቃ። በማግስቱ ተማሪው ወደ ክላሱ፣ ድርጅቱ ወደ ቢሮው።

ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አንዱ የጎደለው ሌላው ጋ አለ። ድርጅቱ ባለሙያ፣ መኪናና በጀት አለው፤ የሚያንሰው ሰው ነው፣ በተለይ አንድ ቦታ እየተመላለሰ ከሰው ጋር የሚቀመጥ ሰው። ተማሪው ጊዜው የተቆራረጠ ቢሆንም ጉልበት አለው፣ የአካባቢውን አነጋገር ያውቃል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ የድርጅቱ መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ድረስ «ቤቴ» ብሎ ይገባል።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው በዋናነት ለክበብ አመራሮች ነው። ድርጅት ውስጥ የምትሠሩም አንብቡት፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ እናንተንም እጠራለሁ። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ትራኮማን ምሳሌ አደርጋለሁ። እናንተ ሌላ ጉዳይ ከያዛችሁ አካሄዱ ብዙም አይለይም።

መጀመሪያ፦ ጉዳዩን አጥብቡት

«በዓለም አቀፍ ችግሮች ላይ መሥራት እንፈልጋለን» ብላችሁ ቢሮ ብትገቡ ሻይ ይጋብዟችሁና ይሸኟችኋል። ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ይሁን፣ ሥራው ግን የአንድ ቀበሌ ይሁን።

ትራኮማን እንየው። በባክቴሪያ የሚመጣ የዐይን በሽታ ነው። ሕፃናት ላይ እየተመላለሰ ይይዛል፤ ለዓመታት ሲደጋገም የዐይን ቆባቸውን ውስጠኛ ክፍል ያጠባስሳል፣ ቆቡ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ሽፋሽፍቱ የዐይኑን ብሌን ይፍቀዋል፣ መጨረሻው መታወር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንዲያበቃ ዕቅድ ይዟል። ኦማን በ2012፣ ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018 እ.ኤ.አ. ማስወገዳቸው ተረጋግጦላቸዋል። ከዓለም ትልቁ ሸክም ያለው ግን እኛ አገር ነው፤ የአማራ ክልል ደግሞ በጣም ከተጎዱት መካከል ነው። ሴቶች በዚህ በሽታ የሚታወሩት ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ በሚደርስ መጠን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሕፃን የሚያቅፉትና ፊት የሚጠርጉት እነሱ ናቸው። በየቤቱ ወረንጦ ይዘው የገዛ ሽፋሽፍታቸውን የሚነቅሉ እናቶች አሉ።

መከላከያው አራት ነገር ነው፦ ቀዶ ሕክምና፣ አንቲባዮቲክ፣ የፊት ንጽሕና፣ የአካባቢ ንጽሕና። አሁን «ከነዚህ የትኛው የእኛ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀዶ ሕክምናው የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። መድኃኒቱን የሚያድለው የጤና ሥርዓቱ ነው፤ እናንተ ሰው ጠርታችሁ ማምጣት ትችላላችሁ እንጂ አታድሉም። የፊትና የአካባቢ ንጽሕና ግን የየቀን ልማድ ነው፣ ልማድ ደግሞ በአንድ ቀን ንግግር አይለወጥም። ደጋግሞ የሚመጣ ሰው ይፈልጋል። እሱ ነው የእናንተ ቦታ።

በ1990ዎቹ ትምህርት ቤት የነበረ ሰው ፀረ ኤድስ ክበብን አይረሳም። ሚኒ ሚዲያው፣ ድራማው፣ ግጥሙ። ያ ሁሉ ሥር የሰደደው ተማሪው ራሱ በየጊዜው፣ በራሱ አፍ ስለሠራው ይመስለኛል።

ሁለተኛ፦ ግቢ ውስጥ ያለውን ጨርሱ

ድርጅት ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ይኑራችሁ፦ ከተማሪዎች ዲን ቢሮ የክበብ ዕውቅና፣ አንድ አማካሪ መምህር፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ። መምህሩን ስትመርጡ ማዕረግ ብቻ አትዩ። ስልክ የሚያነሣ ሰው ይሻላችኋል።

ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ገቢ ቁጥሩን ያዙ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ጠፋ ቢሏችሁ መከራከሪያ የላችሁም። ዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል ካለው እሱንም ንገሩት፤ መኪና የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ሦስተኛ፦ ድርጅቱን መምረጥና መቅረብ

ታዋቂውን ሳይሆን ቅርቡን ፈልጉ። ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ «በዚህ ወረዳ በዐይን ጤና ወይም በውኃና ንጽሕና ላይ ማን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። አማራ ክልል ከሆናችሁ ካርተር ሴንተር የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር በትራኮማ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ መቆየቱን ትሰማላችሁ። የሚታደለው አንቲባዮቲክ፣ አዚትሮማይሲን፣ ደግሞ መድኃኒት አምራቹ ፋይዘር በነፃ የሚሰጠው ነው። ይህን ማወቃችሁ ጥቅም አለው፤ ቢሮ ስትገቡ ሥራውን የምታውቁ ሰዎች ሆናችሁ ትገባላችሁ።

ይዛችሁ የምትሄዱት አንድ ገጽ ይበቃል። ባለ 20 ገጽ ፕሮፖዛል ማንም አያነብም። ገጹ ላይ እነዚህን ጻፉ፦ ስንት ንቁ አባል አላችሁ (የተመዘገበውን ሳይሆን የሚመጣውን)፣ ከየት ወረዳ የመጡ ናቸው፣ በየትኞቹ ሳምንታት ነፃ ናችሁ፣ የትኛውን ትምህርት ቤት ወይም ጎጥ ትይዛላችሁ፣ ከድርጅቱ የምትፈልጉት ምንድን ነው። አባሎቻችሁ የመጡበትን ወረዳ መጻፍ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ድርጅቱ ግን ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን አትጠይቁ። ሥልጠና ጠይቁ። የአንድ ቀን ሥልጠና ለድርጅቱ ቀላል ነው፤ እናንተም ሰዎቹን ታያላችሁ፣ እነሱም እናንተን ያያሉ።

ድርጅቶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተማሪን ለአዳራሽ ማሟያ አትጥሩት። «200 ተማሪ ነገ ጠዋት አምጡልን» የሚል ስልክ ክበብ ይገድላል። ጎበዙ ተማሪ አንዴ ይመጣል፣ ሁለተኛ አይደግምም።

አራተኛ፦ ካላንደሮቹን አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ፤ ብዙ ሽርክና የሚፈርሰው በጥል ሳይሆን በቀን አለመግጠም ነው።

የእናንተ ካላንደር በመስከረም ወይም በጥቅምት ይከፈታል፣ መሀል ላይ ሚድ አለ፣ ፋይናል አለ፣ የሴሚስተር እረፍት አለ፣ ሰኔ ላይ ያልቃል። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ ወረዳው ሒሳብ ሲዘጋ ነው የሚውለው፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ዕቅድ ላይ ነው። ብዙ ድርጅት የሚቆጥረው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው፤ ገንዘቡ ከአሜሪካ መንግሥት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ከኦክቶበር እስከ ሴፕቴምበር። በጀት መዝጊያቸው ሲደርስ የቀረችውን ብር ለመጨረስ ይጣደፋሉ፣ ያን ጊዜ ይደውሉላችኋል፣ እናንተ ደግሞ ያን ጊዜ ለፈተና ላይብረሪ ውስጥ ናችሁ።

አራተኛ ካላንደር አለ፣ የሚረሳውም እሱ ነው፦ የገበሬው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ በሥራ ቀን ቤት ብትሄዱ የምታገኙት ሕፃናትና ሽማግሌ ነው። የገበያ ቀንም አለ። በ12፣ በ21፣ በ29 ብዙ ኦርቶዶክስ ገበሬ እርሻ ስለማይነካ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሰው ታገኛላችሁ፤ ሙስሊም በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ። አስቀድማችሁ ከአባቶችና ከኢማሞቹ ጋር ተነጋገሩ፤ እነሱ የአምስት ደቂቃ ዕድል ከሰጧችሁ የእናንተ ሁለት ሰዓት ስብሰባ አያስፈልግም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በብዙ ቦታ ውኃ ይርቃል፣ ዝንብ ይበዛል፣ ፊት መታጠብም ያኔ ነው የሚቀረው። ሥራችሁ በጣም የሚያስፈልገው በዚያ ወቅት ነው፤ ደግነቱ ሁለተኛው ሴሚስተር ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይውላል።

አራቱን አንድ ገጽ ላይ በእርሳስ አስምሩና ሁሉም ክፍት የሆኑባቸውን ሳምንታት አክብቡ። ጥቂት ናቸው፣ አትደንግጡ። ለድርጅቱ የምትሰጡት ቃል እነዚያን ሳምንታት ብቻ ነው። የማትችሉበትንም ጊዜ በጽሑፍ ስጡ። ጥቅምት 5 የዓለም የእጅ መታጠብ ቀን፣ ኅዳር 10 የዓለም የመጸዳጃ ቤት ቀን ነው። እነዚህን ለአባላት ምዝገባ ተጠቀሙባቸው እንጂ የዓመቱ ሥራ በእነሱ አያልቅ።

አምስተኛ፦ የመግባቢያ ሰነድና ገንዘብ

ሰነዱ ሁለት ገጽ ይሁን። ማን ምን ይሠራል፣ መቼ ይጀምራል፣ መቼ ያበቃል፣ ተማሪ መስክ ላይ ቢጎዳ ማን ያሳክማል፣ ፎቶና መረጃ የማን ነው፣ አንዱ ወገን መቀጠል ካልቻለ በስንት ቀን ያሳውቃል። የጉዳቱን ጉዳይ ሳትጽፉ ማንንም መኪና ላይ አታሳፍሩ። የሚፈርመው ዩኒቨርሲቲው ወይም ክፍሉ ነው፤ ክበባችሁ ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው በእናንተ ፊርማ ብቻ የቆመ ሰነድ ችግር ሲመጣ አያስጥላችሁም።

በዚሁ ምክንያት ገንዘብ በማንም ተማሪ የግል አካውንት ወይም ቴሌብር አይግባ። ልጁ ታማኝ ይሁን አይሁን ጥያቄው እሱ አይደለም፤ ወሬ ሲነሣ ራሱን የሚከላከልበት ነገር የለውም። ወይ በዩኒቨርሲቲው ፋይናንስ ይለፍ፣ ወይ ድርጅቱ ራሱ ዕቃውን ይግዛና ያስረክባችሁ። ለትንንሽ ሥራ ሁለተኛው ይቀላል።

ድርጅቱ ስለ እያንዳንዷ ደረሰኝ ሲጨቀጭቃችሁ ክፉ ሆኖ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 አስተዳደራዊ ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ አስቀምጧል፣ ኦዲትም አለባቸው። እያንዳንዱ ብር የት እንደገባ ማሳየት ግዴታቸው ነው። ግን ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥም፣ የገጠር ምግብ ቤትም እንደዚሁ። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ደረሰኝ የሌለው ወጪ በምን እንደሚወራረድ ተስማሙ፦ የአሽከርካሪው ስም፣ ስልክ፣ ከየት ወዴት፣ ስንት ብር፣ ፊርማ ያለበት ቅጽ ይበቃል ብለው ይፈርሙ።

የትራንስፖርትና የምሳ ገንዘብ ቀድሞ ይሰጥ። ድርጅቶች፣ ይህን በትልቁ አስምሩበት። ከኪሱ ከፍሎ የሄደ ተማሪ ብሩ ከሁለት ወር በኋላ ከመጣለት ያ ሁለት ወር እንዴት እንዳለፈ እሱ ነው የሚያውቀው።

ስድስተኛ፦ መስክ ላይ

ቀበሌ ገብታችሁ መጀመሪያ የምታገኙት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ይሁን። እሷ ቤቱን ሁሉ ታውቃለች፤ እናንተ ስትሄዱ እሷ ትቀራለች። ያለ እሷ የተጀመረ ሥራ እናንተ ስትወጡ አብሮ ይወጣል። ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ፣ ቀጥሎ የአንደኛ ክፍል መምህራን።

አንድ ሥራ በቅርብ እንየው፦ ትምህርት ቤት ውስጥ የፊትና የእጅ መታጠቢያ መስቀል። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ ሁለት ባላ እንጨት፣ አንድ አግዳሚ፣ ገመድ፣ ሚስማር። ጀሪካኑን በሳሙና አጥባችሁ ዘይቱን አስለቅቁ። ሚስማር በእሳት አግላችሁ ከክዳኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ቀዳዳ ብሱ። እጀታው ውስጥ አግዳሚውን አሳልፋችሁ በሁለቱ ባላ መካከል ስቀሉት። ከአንገቱ ላይ ገመድ አስሩና ወደ ታች አውርዳችሁ መሬት ላይ ከተጋደመ ዱላ ጋር አገናኙት። ልጁ ዱላውን በእግሩ ሲረግጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ውኃው ቀጭን ሆኖ ይወርዳል፤ በእጁ የሚነካው ነገር የለም። ሳሙናውን በመረብ ከረጢት አስራችሁ ጎኑ ላይ አንጠልጥሉት፣ አለዚያ በሳምንቱ አታገኙትም።

ቁመቱን ስትለኩ የአንደኛ ክፍል ልጅ አቁማችሁ በእሱ ደረት ልክ አድርጉት። በእናንተ ቁመት ከሰቀላችሁት ትንንሾቹ አይደርሱበትም፣ ትራኮማ ደግሞ የሚያጠቃው ትንንሾቹን ነው። አንዱ መጸዳጃ ቤቱ መውጫ ላይ፣ ሌሎቹ ክፍሎቹ አጠገብ ይሁኑ። ውኃ የሚሞላበት ተራ ክፍል ለክፍል ይደልደልና ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ተራ ካልወጣለት ደርቆ ይቀራል።

ለእናቶች ስታስረዱ «ውኃ የለም» ይሏችኋል፣ እውነታቸውን ነው። አትከራከሩ። ፊት ለማጠብ ብዙ ውኃ እንደማያስፈልግ፣ እፍኝ ሁለት እፍኝ እንደሚበቃ እዚያው ልጅ ፊት ላይ አሳዩ። በሽታውን የምታዛምተው ዝንብ ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ላይ እንደምትራባም ንገሯቸው፤ የመጸዳጃ ቤቱና የዐይኑ ነገር የሚገናኘው እዚያ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል።

የማትሠሩትንም እወቁ። ዐይን አትመርምሩ፣ ቆብ አትገልብጡ፣ ጠብታ አትስጡ። ዐይኗን የሚቆረቁራት፣ ብርሃን የሚያስቸግራት፣ ሽፋሽፍቷን የምትነቅል እናት ካገኛችሁ ፈቃዷን ጠይቃችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አሳውቁ፤ ከዚያም በቀጣዩ ጉብኝት «ሄዱ ወይ፣ እማማ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀረው ፈርቶ ነው፣ ወይም አብሮት የሚሄድ አጥቶ። ከእናንተ አንዱ ጤና ጣቢያ ድረስ አብሯቸው ቢሄድ ከመቶ በራሪ ወረቀት ይበልጣል። በመድኃኒት ዘመቻ ጊዜ «ጨቅላዬስ?» የምትል እናት አትጠፋም፤ ከስድስት ወር በታች ላሉት የሚሰጠው የሚዋጠው ሳይሆን የቴትራሳይክሊን የዐይን ቅባት ነው። ከዚህ ያለፈውን ጥያቄ ለባለሙያው ተዉት።

ዐይኑ የታመመ ሕፃን ፎቶ ቴሌግራም ላይ አይወጣም። ወላጁ ቢፈቅድም አይወጣ እላለሁ። የመታጠቢያውን፣ የባላውን፣ የእጃችሁን ፎቶ አውጡ።

ሰባተኛ፦ ቁጠሩ

«500 ተማሪዎች ግንዛቤ ተፈጠረላቸው» የሚለው ሪፖርት ይቅር። ምን ተለወጠ? ቀላል መለኪያ አለ። አይናርም ንፍጥም የሌለበት ፊት ንጹሕ ፊት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ከመምህሩ ጋር ገብታችሁ ቁጠሩ፦ ስንት ልጅ አለ፣ ስንቱ ፊቱ ንጹሕ ነው። ስም አይጻፍ፣ ልጅ ተለይቶ አይቁም፣ ማንም አይሸማቀቅ። በየወሩ ድገሙት፤ ያው ክፍል፣ ያው ሰዓት፣ ሳታስታውቁ። ሰዓቱ ወሳኝ ነው፤ አንዴ ጠዋት ሌላ ጊዜ ከእረፍት በኋላ ከቆጠራችሁ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ጀሪካኖቹንም ቁጠሩ፦ ስንቱ ተሰቅሏል፣ ስንቱ ውኃ አለው፣ ስንቱ ሳሙና አለው። ቁጥሩ ወርዶ ከተገኘ ወርዷል ብላችሁ ጻፉ። ለድርጅቱ ከባነር ፎቶ ይልቅ ይህ ወረቀት ነው የሚጠቅመው፣ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚያቀርበውም እሱን ነው።

ውጭ አገር ካሉ ተማሪዎች ጋር

አሜሪካ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበራት አሉ፣ አገር ቤት ላይ መሥራት የሚፈልግም ሞልቷል። እነሱም እንደ እናንተ ክበብ ናቸው። ብር አሰባስበው በግለሰብ ከሚልኩ ይልቅ እዚያ 501 ሲ 3 የሚባለውን ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዕውቅና ያገኘ ድርጅት በመሀል ቢገባ ለጋሹ የግብር ቅናሽ ያገኛል፣ ገንዘቡም መንገዱ ይታወቃል። ያገለገለ ልብስ በሻንጣ ከመላክ ደግሞ የሁለት ዓመት የሳሙና ወጪ ቢሸፍኑ ይሻላል። በቪዲዮ ስትገናኙ የቆጠራ ወረቀታችሁን አሳዩአቸው።

የመጨረሻው፦ ርክክብ

ክበብ የሚሞተው በምረቃ ነው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጥተው ነበር፤ ያን ያህል ሰው እንኳ ከወጣ በኋላ ዘመቻው ሲያበቃ ሥራውን የሚይዝ ካልተዘጋጀ ይበተናል። የእናንተ ክበብማ አምስት ልጅ ላይ የቆመ ሊሆን ይችላል።

ተተኪዎቹን ሚያዝያ ላይ ምረጡ፣ ከሁለተኛና ከሦስተኛ ዓመት። አንድ ወር አብረዋችሁ ይውጡ። ከዚያ አሮጌውና አዲሱ አመራር አንድ ላይ ድርጅቱ ቢሮ፣ ወረዳው፣ ትምህርት ቤቱ ይሂዱ፤ በስልክ ማስተዋወቅ አይቆጠርም። ድርጅቱም ሁለት ተጠሪ ይመድብላችሁ፤ እዚያም ሰው ሥራ ይለቃል። በአንድ ፋይል ውስጥ የመግባቢያ ሰነዱ ኮፒ፣ የቆጠራ ወረቀቶቹ፣ የወጪ ቅጾቹ፣ የስልክ ዝርዝሩ ይግቡ፤ አንድ ኮፒ አማካሪ መምህሩ ጋ ይቀመጥ። ክረምቱን ወደ ቤት የሚገቡ አባላት ከየትኛው ቀበሌ እንደሆኑ ጽፋችሁ ለድርጅቱ ስጡ፣ በየቤታቸው አካባቢ ማንን እንደሚያገኙ ይንገራቸው። የስቶሩ ቁልፍ በፊርማ ይተላለፍ፣ የኢሜይሉ ፓስወርድ ይቀየር፣ የቴሌግራም ግሩፑ ባለቤትነት ለአዲሷ ሰብሳቢ ይዛወር። ይህ ሁሉ ከግንቦት አጋማሽ በፊት ይለቅ፤ ከዚያ በኋላ ፋይናል ነው።